ከማን ጋር ነበሩ? ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን የስድስት ቀን የቤዝቦል ጉዞ

ቅዳሜ፣ ዋሽንግተን

ጉዟችን የተጀመረው በፍርፍር ነው። ዩ ስትሪት አጠገብ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ ከልጄ ጋር ቁርስ በላን። እሱ 15 ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ቡድን ሁለተኛ ቤዝ (መቺው ሮጦ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ሁለተኛው) ላይ ይጫወታል። የትምህርት ቤት ዕረፍቱ ከማለቁ በፊት የቦስተኑን ፌንዌይ ስታዲየም ማየት ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጌ ነው የወጣሁት። በዚህ ከተማ 21 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለ ቤዝቦል ከተሳፋሪ ጋር ስንጫወት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "መጀመሪያ ያዩት ጨዋታ ላይ ከማን ጋር ነበሩ?" ዝምተኛው ሁሉ አፉ ይከፈታል። መንገዱ ያልቅና ወሬው ይቀራል። በዚህ ጉዞ ግን የሚያቋርጠን የታክሲ ሜትር የለም። እየጠየቅኩ፣ እስከ መጨረሻው እየሰማሁ መሄድ አማረኝ።

(የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምግብ ቤቱ ወጥተን ወደ ጆርጂያ ጎዳና በእግራችን ሄድን። አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር ላይ ቆምን። ይህን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። ታካሚ ስንት ጊዜ አመላልሼበታለሁ። ልጄም የተወለደው እዚሁ ነው። ሆስፒታሉ የቆመው ግሪፊት ስታዲየም በነበረበት መሬት ላይ መሆኑን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። በ1924 ዋሽንግተን ዋንጫ የበላው እዚህ ነው። የፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ 12 ኢኒንግ (ዙር) ፈጀ፤ መደበኛው ዘጠኝ ነው። ታላቁ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን ዕድሜው 36 ደርሶ ነበር፤ ከዘጠነኛው ኢኒንግ ገብቶ እስከ መጨረሻው ወረወረ። ማሸነፊያው የመጣው በጠጠር ነው። መሬት ለመሬት የሄደ ኳስ ጠጠር መትቶ በተከላካዩ አናት ላይ ዘለለ። በቃ፣ አለቀ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ሌላው ታሪክ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮቹ ሊግ በተከለከሉበት ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን ብዙ ጨዋታውን በዚሁ ሜዳ ያደርግ ነበር። ታላቁ መቺያቸው ጆሽ ጊብሰን እዚህ ነበር የሚመታው። ይህ ሰው በትልቁ ሊግ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። በሩ ለጥቁር የተከፈተው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መቺው የሚቆምበት የሆም ፕሌቱ ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ልጄ ይህን ሲሰማ "እኔ እኮ ሜዳ ላይ ነው የተወለድኩት!" አለ። ቀኑን ሙሉ ደጋገማት።

ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ነዳን። አርኤፍኬ የሚባለው አሮጌ ስታዲየም ያኔ እየፈረሰ ነበር። አጥሩ ጋ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ ጠበቁን። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መስከረም 30፣ 1971 የ13 ዓመት ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር እዚህ ነበሩ። ቡድኑ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ነው፤ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ዋሽንግተን የኒው ዮርኩን ያንኪስ 7 ለ 5 እየመራ ነበር። ለማለቅ ከተቃራኒው ቡድን አንድ መቺ ማውጣት ብቻ ቀረ። ሕዝቡ አላስቻለውም፤ አጥር ዘሎ ሜዳው ውስጥ ገባ። ቤዙን የነቀለ አለ፤ ከውጤት ሰሌዳው ላይ ፊደል የገነጠለ አለ። ጨዋታው ተቋረጠና በእጃቸው የነበረውን ድል በፎርፌ አጡት።

"እርስዎስ ገቡ?" አልኳቸው።

"አባቴ እጄን ይዞ አስገባኝ። በሕይወቱ ሕግ ጥሶ የማያውቅ ሰው ነበር። ተንበርክኮ አንድ ጭብጥ ሣር ከነአፈሩ ነቀለና ባርኔጣው ውስጥ ከተተው። ቤት ስንደርስ ጓሮ ተከለው። ክረምቱን ሙሉ እየወጣ ያየው ነበር።"

"ያዘ?"

"አልያዘም።"

ከዚያ በኋላ ከተማዋ 33 ዓመት ያለ ቡድን ኖረች። ናሽናልስ ከሞንትሪያል ተዛውሮ ሲመጣ 2005 ሆኗል። እኔ ያኔ ገና አዲስ ነኝ። እግር ኳስ እንጂ ይህን ጨዋታ አላውቀውም። ታክሲ ውስጥ ግን ሬዲዮ አለ። የሬዲዮ ቤዝቦል ቀስ ያለ ነው። አስተላላፊው አንዱን ቃል ደጋግሞ ይለዋል። በየኳሱ መሃል ፋታ አለ። ያቺ ፋታ ለእኔ ቃሉን ማላመጫ ሆነችኝ። እንግሊዝኛዬ ከዚያ ነው የመጣው ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን ሳላስበው መሪውን ይዤ "ያዘው! ያዘው!" እያልኩ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ አልተለየሁትም።

ጥቅምት 30፣ 2019 የት እንደነበርኩ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ደለስ ኤርፖርት፣ የታክሲ ወረፋ ውስጥ። ጨዋታው ሂውስተን ነው፤ ሰባተኛውና የመጨረሻው። አበሻ ሹፌሮች ተሰብስበን የመኪና በር ከፍተን ሬዲዮ እንሰማለን። ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነው። ከቤት እየደወለ "አባ፣ አየኸው?" ይለኛል። እኔ ምኑን አያለሁ! በአምስተኛው ኢኒንግ ሂውስተን 2 ለ 0 ሲመራን እናቱ "ነገ ትምህርት አለ" ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችበት። በሰባተኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታው ኳስ በቀኝ በኩል ሄዶ የሜዳው ዳር መስመር ላይ የቆመውን ረጅም ብረት ሲመታ ተራዬ ሊደርስ ከፊቴ ሁለት መኪና ብቻ ነበር። ተራዬን ትቼ ወደ ቤት ነዳሁ። የቀረውን መንገድ ላይ ሰማሁ። የመጨረሻውን ደጃፌ ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ። 6 ለ 2። ከ95 ዓመት በኋላ። ስገባ ልጁ ተኝቷል።

እሁድ፣ ባልቲሞር

ባልቲሞር ለእኛ ጎረቤት ናት። ከሰፈራችን ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የከተማዋ ስታዲየም ካምደን ያርድስ በ1992 ሲከፈት የሌሎች ከተሞችን የስታዲየም አሠራር ቀየረ ይባላል፤ ገብቶ ላየው እውነት ነው። ከቀኝ ሜዳ ጀርባ ያረጀ የባቡር ድርጅት መጋዘን አለ። ቀይ ጡብ ነው፤ ርዝመቱ ከ300 ሜትር በላይ። አላፈረሱትም። ስታዲየሙን ከእሱ ጋር አዋህደው ሠሩት። ጥቂት መንገድ ተሻግሮ ዝነኛው ተጫዋች ቤብ ሩት በ1895 የተወለደበት ትንሽ ቤት አለ። እሱን ከውጭ አይተን አለፍን።

ብሔራዊ መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ኦ!" ብሎ ጮኸ። ልጄ ደነገጠ። የቡድኑ ስም ኦሪዮልስ ስለሆነ ከመዝሙሩ ውስጥ ያቺን አንዷን ድምፅ ለራሳቸው ወስደዋታል።

አጠገባችን አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። እርሳስና ወረቀት ይዘዋል። ቤዝቦል የሚመዘገብበት ወረቀት አለው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር ይሰጠዋል፤ የማሊያው ሳይሆን የቆመበት ቦታ ቁጥር። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ) 6፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ አንደኛ ቤዝ 3። የተመታው ኳስ ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ቤዝ ተወርውሮ ሁለት ሰው ከወጣ 6-4-3 ተብሎ ይጻፋል። በሦስት ቁጥር ስድስት ሰኮንድ የማይሞላ ነገር ለዘላለም ተያዘ። ወረቀቱን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ጨዋታውን እንደገና ያየዋል። ከዚህ ጨዋታ እጅግ የምወደው ይህን ነው።

ልጄን አቅርበው አስተማሩት። እኔ ጥያቄዬን ጠየቅኩ።

"ከባለቤቴ ጋር። ድሮ 33ኛው ጎዳና ላይ በነበረው ስታዲየም" አሉ። መመዝገብ ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ወረቀቶቻቸው በጫማ ካርቶን ተሞልተው አልጋ ስር አሉ። አንዷን ግን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘዋት ይዞራሉ። በፕላስቲክ ተለብጣለች። አወጡልን።

መስከረም 6፣ 1995። የኦሪዮልሱ ካል ሪፕከን አንድም ቀን ሳይቀር በተከታታይ 2,131ኛ ጨዋታውን የተጫወተበት ምሽት ነው። የሉ ጌሪግ ክብረ ወሰን 2,130 ነበር፤ ለ56 ዓመት ቆይቷል። አምስተኛው ኢኒንግ ሲጋመስ ጨዋታው ቢቋረጥ እንኳ የሚቆጠርበት ደረጃ ደረሰ፤ መጋዘኑ ላይ የተሰቀለው ቁጥር ተለወጠ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ጨዋታው ለ22 ደቂቃ ቆመ። ሪፕከን ሜዳውን ዞሮ የአጥር ዳር ተመልካቹን ሁሉ እጅ እየጨበጠ ሄደ።

ባልየው ያን ምሽት ስታዲየም አልነበሩም። ቤት ሆነው በቴሌቪዥን እያዩ ነበር የሚመዘግቡት። ሴትየዋ የሌሊት ተረኛ ነበሩ፤ ሥራ ቦታ በሬዲዮ ነው የሰሙት። ስለዚህ ወረቀቷ እሳቸው ላልነበሩበት ሰዓት ምስክር ናት። ባልየው በየሳጥኑ ጥርት አድርገው ጽፈዋል። አምስተኛው ኢኒንግ ጋ ስትደርስ ግን ጠርዙ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ሦስት መስመር አለ። እናትየዋ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን።

"ቁጥሩ ተቀየረ። ሕፃኗ ጩኸቱን ሰምታ ነቃች። እየዞረ ሳለ ትከሻዬ ላይ ተኛች።"

ልጅቷ አሁን 30 ዓመቷ ነው። ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። "ያንን 22 ደቂቃ የት እንዳሳለፈችው ታውቃለች" አሉና ወረቀቷን መልሰው ከተቱ።

ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ልጄ መዝግቧል። እኔ ሴትየዋን ስሰማ ሦስት ኢኒንግ አመለጠኝ፤ ምንም አልቆጨኝም።

ሰኞ፣ ፊላደልፊያ

እዚህ ብዙ አልቆየንም። 21ኛውና ሊሃይ ጎዳና ጥግ ላይ የነበረው አሮጌ ስታዲየም በ1970 ነው የመጨረሻ ጨዋታው የተደረገበት። አሁን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። ከበሩ ወጣ ያሉ አንድ ሽማግሌ "ልጅ ሆነን ከውጭ ቆመን ጩኸቱን በመስማት ብቻ ማን እንደመታ እናውቅ ነበር" አሉን። ከማን ጋር? ከታላቅ ወንድማቸው ጋር። "የመግቢያ ሳንቲም አልነበረንም፤ እሱ ግን ገብቶ እንዳየ ሰው አድርጎ ይተርክልኝ ነበር" አሉ። ቬትናም ሄዶ አልተመለሰም።

ምሳ ምዕራብ ፊላደልፊያ የአበሻ ቤት በላን። አስተናጋጇ እህታችን የከተማዋን ቡድን የፊሊስን ኮፍያ አድርጋ አየኋትና ጠየቅኳት። በ2008 ዋንጫ ሲበሉ የመጨረሻው ጨዋታ በዝናብ ተቋርጦ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር የተጨረሰው። "አሜሪካ በገባሁ በወሩ ነው" አለችኝ። "ሌሊት መንገዱ በሰው ሲሞላ ግርግር የተነሳ መስሎኝ በር ቆለፍኩ። ጎረቤቴ የነበረች አሮጊት አንኳኳች። እጄን ይዛ አወጣችኝ። ድስት እየደበደበች አብሬያት ስጮኽ አደርኩ። የማንን ሠርግ እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።"

ማታ ኒው ጀርሲ ስንደርስ የከፈልንበት ሆቴል "ስማችሁ የለም" አለን። ደረሰኙን ባሳይም ሰሚ አላገኘሁም። ሌላ ክፍል ያገኘነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ልጄ ደክሞት ሳለ አላጉረመረመም። ኮራሁበት።

ማክሰኞ፣ ብሩክሊን

ቤድፎርድ ጎዳና ላይ ረጃጅም የጡብ አፓርታማዎች አሉ። ኢቤትስ ፊልድ የሚባለው የዶጀርስ ቡድን ስታዲየም እዚህ ነበር። ግድግዳው ላይ የሚያስታውስ ድንጋይ አለ። ሌላ ምንም የለም። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ሰው የገበያ ዘንቢል ይጎትታል። ለጥቁር ተዘግቶ የነበረውን የትልቁን ሊግ በር የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15፣ 1947 የገባው በዚህ መሬት ላይ ነው። ያን ቀን አንደኛ ቤዝ ላይ ነበር የተጫወተው። አንድም ጥሩ ምት አላገኘም። ግን ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ 5 ለ 3 አሸነፈ።

አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጥቁር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 80ን አልፏል። ሰላም ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። "ያን ዓመት 7 ዓመቴ ነበር" አሉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አልነበሩም። አባታቸው የወሰዷቸው በዚያው በጋ ነው።

"አባቴ ወደብ ላይ ሸክም ነበር ሥራው። ያን ቀን ግን የቤተ ክርስቲያን ሙሉ ልብሱን ለበሰ። በሙቀት! እናቴ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። አባቴ ምን አለን? 'ዛሬ እኛም እየታየን ነው፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ።' ዘጠኝ ኢኒንግ ጀርባዬን ሳላስደግፍ ተቀመጥኩ። ሮቢንሰን ምን እንዳደረገ አላስታውስም። የአባቴ አንገት ላይ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሶ እንደነበር ግን ይታየኛል። ከረባቱን አላላላም።"

ዝም አልኩ። መጀመሪያ አሜሪካ ስገባ ለሥራ ፈተና የለበስኩት የተዋስኩት ኮት ትዝ አለኝ።

ዶጀርስ በ1955 ዋንጫ በላ። በ1957 መጨረሻ ከተማዋን ጥሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ስታዲየሙ በ1960 ፈረሰ። እናትየዋ እነዚህ አፓርታማዎች ሲጨረሱ ከመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ጋር ገቡ። አሁንም እዚሁ ናቸው። "መኝታ ቤቴ ሦስተኛ ቤዝ አካባቢ ነው፤ አባቴ አስልቶ ነግሮኛል" አሉን።

የሮቢንሰን 42 ቁጥር በ1997 ከሁሉም ቡድን ተነሳ። በየዓመቱ ሚያዝያ 15 ግን ተጫዋቹ ሁሉ 42ን ይለብሳል። ልጄ ይህን በደንብ ያውቃል። ያላወቀው የኮሌታውን ላብ ነበር። ከሴትየዋ ከተለየን በኋላ ብዙ መንገድ ሳያወራ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኩፐርስታውን

ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ነዳን። ኮረብታ፣ የከብት በረት፣ በቆሎ። አገሩ ለምለም ነው። ኩፐርስታውን ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለት ሺህ ሰው አይሞላባትም። ቤዝቦል እዚህ ተፈጠረ የሚለው የቆየ ተረት ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ሙዚየሙ ግን በ1939 እዚሁ ተከፈተ፤ እዚሁ ቀረ።

እንደ ተሳላሚ ነው የገባሁት። የክብር አዳራሹ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ፊትና ጥቂት መስመር ጽሑፍ። ዋልተር ጆንሰንን አገኘነው፤ በ1936 ከተመረጡት ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ነው። ጆሽ ጊብሰንን አገኘነው፤ በ1972፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው የገባው። ልጄ እዚያ ጋ ቆሞ "የእኔ ሜዳ" አለ። ሮቢንሰን በ1962 ሲገባ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስለ ጨዋታው ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ እንደ ተጫዋች ብቻ መመዘን ፈልጎ። የዘር ግድግዳውን ማፍረሱ የተጨመረው በ2008 በአዲስ ሰሌዳ ነው። ሁለቱንም ሐሳብ እረዳለሁ። ልጄ ግን የመጀመሪያው ይሻል ነበር አለ። አልተከራከርኩትም።

ከአዲሶቹ ሰሌዳዎች አንዱ የኢቺሮ ሱዙኪ ነበር። ጃፓን ተወልዶ እዚህ የገባ የመጀመሪያው ሰው። በሐምሌ 2025 ነው የተሰቀለው። ከ394 መራጮች 393ቱ መረጡት። ፊቱ አንድ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆናቸው ጃፓናዊ ቆመው ነበር። ፎቶ አላነሱም። ዝም ብለው ቆሙ። እኛ አዳራሹን ዞረን ስንመለስም እዚያው ናቸው። ፎቶ ላንሳዎት ብዬ ቀረብኩ። ከኮቤ ከተማ እንደመጡ ነገሩኝ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፤ የእኔም የተሰባበረ ዘመን አልፎበታልና ተግባባን።

ጥር 17፣ 1995 ንጋት ላይ ኮቤን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የከተማዋ ቡድን ኦሪክስ ነበር፤ ኢቺሮ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነው። እንዴት ይጫወታሉ ተባለ። ተጫወቱ። እጅጌያቸው ላይ ጽሑፍ ሰፍተው። ሰውዬው ቃሉን ሊተረጉሙልኝ ሲታገሉ ገባኝ። በእኛ ቋንቋ "ኮቤ፣ አይዞን" ማለት ነው። "አይዞሽ" አይደለም፤ "አይዞን" ነው። ያን ዓመት የሊጋቸው አሸናፊ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የጃፓንን ዋንጫ በሉ።

"ከማን ጋር ነበሩ?" አልኳቸው።

ከአያታቸው ጋር። ቤታቸው ፈርሶ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ተጠልለው ነበር። አያታቸው ቤዝቦል አይወዱም ነበር፤ ጩኸት ነው ይሉ ነበር። በመጠለያው ግን አንዲት ሬዲዮ ነበረች። ኢቺሮ ሊመታ ሲወጣ አያታቸው ከተኙበት ተነስተው ይቀመጡ ነበር። ተመትቶ እስኪያልቅ ተቀምጠው፣ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ሌላ ጊዜ ለምግብ እንኳ ተነሽ ቢባሉ እምቢ የሚሉ ሴት።

ሰውዬው አያታቸው እንዴት ይነሱ እንደነበር በወገባቸው አሳዩኝ። እጃቸውን መሬት የሚደግፉ ይመስል ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ። አዳራሹ መሃል ላይ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደበቅኩትም።

ሐሙስ፣ ቦስተን

ከኩፐርስታውን ቦስተን ሌላ አራት ሰዓት ነው። ልጄ እንቅልፍ አልወሰደውም። ፌንዌይ በ1912 የተከፈተ ነው፤ በትልቁ ሊግ ከሱ የሚያረጅ ሜዳ የለም። ግራ ሜዳ ላይ 11 ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል። የውጤቱ ቁጥር ዛሬም በሰው እጅ ነው የሚቀየረው። ጨዋታ ባይኖርም ጉብኝት አለ። ልጄ ግድግዳውን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ።

በቀኝ በኩል አረንጓዴ ወንበሮች መሃል አንድ ቀይ ወንበር አለች። የቦስተኑ መቺ ቴድ ዊሊያምስ በሰኔ 1946 የመታው ኳስ ያረፈባት ናት፤ 502 ጫማ፣ 153 ሜትር ገደማ። የተቀመጠውን ሰውዬ የገለባ ባርኔጣ በስቶ ነው ያረፈው። ወደዚያ ስንወጣ በቡድናችን ውስጥ የነበሩ አንዲት የ70 ዓመት ሴት እግራቸውን አሟቸው ኖሮ ልጄ ክንዳቸውን ያዘ። ከየት ናችሁ አሉን። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ።

የቦስተን ማራቶን ቀን እዚህ ጨዋታ የሚጀመረው በጠዋት ነው። ሲያልቅ ሰው ወጥቶ በቅርብ ርቀት ኬንሞር አደባባይ ላይ ሯጮቹን ይቀበላል። ሴትየዋ 8 ዓመታቸው ሳለ፣ በ1963፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አበበ ቢቂላን አይተዋል። ያን ቀን አምስተኛ ነበር የወጣው። "አባቴ 'በባዶ እግሩ ሮምን ያሸነፈው ያ ነው' ሲለኝ እግሩን ብቻ ፈለግኩ፤ ጫማ አድርጓል። ተናድጄ አለቀስኩ" አሉ። ሌሊሳ ዴሲሳንም ያውቁታል። በ2013 አሸንፎ፣ ያን ቀን ቦምብ ከፈነዳ በኋላ፣ ሜዳሊያውን ለከተማዋ መልሶ ሰጥቷል። ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

ጥያቄዬን ጠየቅኩ። እናታቸው ናቸው።

የቦስተኑ ሬድ ሶክስ በ1918 ዋንጫ በላ፤ ከዚያ እስከ 2004 ድረስ 86 ዓመት አልበላም። "እናቴ በ1919 ተወለደች፣ በ2003 ሞተች" አሉ። "ከአንዱ ዋንጫ አንድ ዓመት ዘግይታ መጣች። ከሌላው አንድ ዓመት ቀድማ ሄደች። በየመጸው 'የሚቀጥለው ዓመት ነው' ትል ነበር። የመጨረሻውም ዓመት ብላዋለች።" ጥቅምት 27፣ 2004 ማታ ቡድኑ ሲያሸንፍ ጨረቃ ግርዶሽ ላይ ነበረች። ሴትየዋ ጎህ ሲቀድ ጋዜጣ ገዝተው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ብቻዬን እሆናለሁ ብለው ነበር። በየመቃብሩ ባንዲራ፣ ኮፍያ፣ ጋዜጣ ተቀምጦ አገኙት። አንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ደግፎ የሌሊቱን ጨዋታ ድጋሚ እያሰማ ነበር። ለማን እንደሆነ አልጠየቁትም።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። "አንተስ? ያንተ የትኛው ነው?"

እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ናሽናልስ ፓርክ በ7 ዓመቱ የወሰድኩትን ቀን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ።

"የ2019 ሰባተኛው ጨዋታ" አለ። "ግን አላየሁትም። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋችብኝ። አባቴ ሌሊት ከሥራ ሲገባ የተኛሁ መስሎት ነበር። አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሰባተኛውን ኢኒንግ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሹክሹክታ ነገረኝ። በአማርኛ። እስከ ዛሬ ያቺ ምት በእንግሊዝኛ ስትነገር ሌላ ምት ትመስለኛለች።"

እኔ መናገሬን አስታውሳለሁ። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።

"ኳሱ ብረቱን ሲመታ እንዲህ አደረገ" አለና ከፊቱ ያለውን የብረት መደገፊያ በጣቱ አንዴ መታው።